«በሕግ አምላክ» ብዬ ያስቆምኩት ልጅ

ጥር 27 ቀን 1958፣ ዳንግላ

ዱባ ገዝቼ ስገባ ሀብቱ ከደጅ ቆሞ ፊሽካ ነፋብኝ። «ተራመድሽ! ኳሱን ሳታነጥሪ ተራመድሽ!» ክው ብዬ ዱባውን አቅፌ ቀረሁ። የጎረቤት ውሻ ጮኸ፣ ዶሮዎቹ ተበታተኑ።

«አስተማሪ ተብለህ በእናትህ ላይ ፊሽካ! ደግሞ ዱባ እንዴት አድርጎ ይነጥራል?»

ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ አባቱን ይመስላል።

ፈረንጁ አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ፊሽካውንና የቅርጫት ኳስ ደንብ ያለበትን መጽሐፍ ለሱ ትቶለት ሄደ። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ሌላ የጨዋታ ዳኛ የለም። መጽሐፉን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ የራሴን አነባለሁ። ፊደል የለየሁት ከሱ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ነው፤ እሱ ሲተኛ እኔ አነሣው ነበር።

ዱባው ውኃ የበዛበት ሆነ።

የካቲት 3

ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ሄጄ ተመለከትኩ። ትንንሾቹ ሲጫወቱ ነበር... ጨዋታ ከተባለ። ልጁ አንድ እርምጃ ሲያበዛ ፊሽካ። መስመር ሲረግጥ ፊሽካ። ክንድ ሲነካ ፊሽካ። ልጆቹ ከኳሱ ይልቅ የሀብቱን አፍ ያያሉ።

ጎረቤታችን አያ ስማቸው በዱላቸው ተደግፈው ቆመው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። «ሀብቱ!» አሉ ጮክ ብለው፣ «ልጆቹ ናቸው የሚጫወቱት ወይስ አንተ ፊሽካ እየተማርክ ነው?» ሰው ሁሉ ሳቀ። ሀብቱ ጆሮው ቀላ።

ቤት ከገባን በኋላ ሀብቱ፦ «አንዱን ካለፍኩት ሁለተኛውን በምን አፌ እይዘዋለሁ?»

«አያ ስማቸው እኮ የሚሉት... ሁሉን ያየ ዳኛ አይዳኝም ነው።»

«አባባም እንደዚያ ይል ነበር።»

እውነቱን ነው። ባሌ ደሴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዘንገና ላይ ጭቃ ሹም ሳለ አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው ብዙ ነበር። ሰው ይወደው ነበር። ዘመድ የሌለው ሰው ግን «ለወገኑ ያልፋል» እያለ ያማው ነበር። ሁለቱንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የትኛው ነው ልክ?

የካቲት 8

ጾሙ ገባ። እራት ላይ ሀብቱ ደስ ብሎት ሲያወራ ነበር። እሑድ የእንጅባራ ትምህርት ቤት ልጆች ይመጣሉ። ያሸነፈው ከፋሲካ በኋላ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል። እዚያ ደህና ከሚጫወቱት መርጠው አዳሪ ተማሪ ያደርጓቸዋል አለ። ምግቡም መኝታውም ከመንግሥት።

«አንድ ረጅም ልጅ አላቸው። የዘንገና ልጅ ነው። ስምንተኛን ሊጨርስ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚያስተምረው የለውም። እሱ ደብረ ማርቆስ ከደረሰ ያለ ጥርጥር ይወስዱታል። አዝመራው አድማሴ ይባላል።»

እጄ ሳህኑ ላይ ቀረ።

«ምነው እማዬ?»

«ቃሪያው ነው» አልኩ።

የካቲት 9

እንቅልፍ የለም። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አድማሴ ዘንገና ሳለን ጎረቤታችን ነበር። በሬው ገብሳችንን በላ። ደሴ ካሣው እስኪከፈል ብሎ በሬውን ከበረታችን አሰረው፤ የአገር ደንብ ነው። ደሴ መንገድ በሄደበት ሰሞን፣ ሲመሻሽ፣ አድማሴ በረታችን ገብቶ በሬውን ሲነዳ አየሁት። «በሕግ አምላክ!» አልኩ።

ቆመ። ገመዱን እንደያዘ ቆመ። ጫካው አጠገቡ ነበር። ቢሮጥ ማን ይደርስበታል? ግን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው አይሮጥም። እኛ ያደግነው እንዲህ ነው... ጦር ያነሣም ይቆማል፣ የሚሸሽም ይቆማል። ቆሞ ጠበቀን። ሰው መጥቶ አሰረው።

ወረዳ ላይ ዳኛው ጠየቀኝ። «ምን አየሽ?» «ከበረታችን በሬ ሲነዳ አየሁ።» አንድ ቃል አልጨመርኩም። አድማሴ «የራሴ በሬ ነው» ሲል «ሌባ ሌላ ምን ይላል» አሉት። የራሱ መሆኑን እኔን የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም። የገብሱ ንዴት አልበረደልኝም ነበር? ፈራሁ? አሁንም አላውቀውም። ደሴ ሲመለስ ፍርዱ አልቆ ነበር። አድማሴን እስር ቤት ሳለ የተስቦ በሽታ ገደለው። ሚስቱ ስሜነሽ ያን ጊዜ ልጁን አዝላ ነበር።

ሀብቱ ይህን አያውቅም።

የካቲት 13

ጮህኩ። ምነው ምላሴ በተቆረጠ።

የካቲት 14

ዛሬ ልጻፈው።

ሜዳው ጢም ብሎ ነበር። ወደ ኋላ ቆሜ ልጁን ፈለግሁት። መፈለግም አላስፈለገኝ፤ ትከሻው የአባቱ ነው። ኳሱን ሲያነጥር አንገቱን አያቀረቅርም። እንጅባራዎች በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር፣ ሊያልቅም ጥቂት ቀርቶት ነበር። ኳሱ በአዝመራው እጅ ነው። በዚያ መሐል የኛው ልጅ አስማረ፣ ያ ትንሹ፣ ተገፍቶ ራሱን ቅርጫቱ ከተሰቀለበት ግንድ ጋር አጋጨና ወደቀ። ደም አየሁ። ሀብቱ ኳሱን ነው የሚያየው፣ ጀርባውን ሰጥቷል። ልጆቹ ግር ብለው ወደዚያው ይሮጣሉ... ሊረግጡት ነው...

«በሕግ አምላክ! ቁሙ!»

ከእኔ አፍ መውጣቱን ያወቅሁት ሁሉም ሲቆም ነው። የእንጅባራዎቹም የኛዎቹም ቆሙ። በመንገዱ አህያ የሚነዳው ሰውዬ እንኳ ቆመ። አዝመራው ኳሱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ድርቅ አለ።

አንድ ልጅ ብቻ አልቆመም። ውቤ፣ የኛው ተጫዋች፣ የጋራዡ ሰውዬ ልጅ፣ አምና ከአዲስ አበባ የመጣው። ኳሱን ከአዝመራው እጅ መንጭቆ ሮጠ። ማን ይከልክለው? ሁሉ ቆሟል። አገባ።

ሀብቱ ያን ጊዜ ፊሽካውን ነፋ። ወደኔ አየ። ከዚያ ሁለት ጣቱን አነሣ። ተቆጠረ ማለት ነው። ዳንግላ አሸነፈ።

አዝመራው አልጮኸም። አልተከራከረም። እጆቹ ኳስ እንደያዘ ሰው ሆነው ቀርተው ነበር።

ቤት ስንገባ፦

«ለምን ቆጠርከው?»

«ፊሽካ አልተነፋም። ፊሽካ ካልተነፋ ጨዋታ አይቆምም። ተጽፏል።»

«በሕግ አምላክ ተብለው እኮ ነው የቆሙት!»

«መጽሐፉ ላይ በሕግ አምላክ የለም፣ እማዬ።»

ጫማውን ፈትቶ ሲያበቃ እንዲህ አለ፦ «ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ያልተጻፈ ነገር ሲገጥም ዳኛው በራሱ ይወስን ይላል። ሌላ ሰው ጮኾ ቢሆን እሰርዘው ነበር። የጮህሽው አንቺ ነሽ። እናት ጮኸች፣ ልጅ ሰረዘ ከተባለ ከዚያ ወዲያ ማን ዳኛ ይለኛል?»

በእኔ ምክንያት። ሌላ ሰው ቢጮህ ኖሮ ልጁ ይተርፍ ነበር።

አስማረ ደህና ነው። ራሱን አስረውለታል። እሱስ ይመስገን።

የካቲት 16

ምንጭ ወረድኩ። ማናለብሽ ማሰሮዋን አስቀምጣ ጠበቀችኝ፣ አፏ መቼ ያርፋል። «እሰይ እትዬ ውቢት! እናት ታስቆማለች፣ ልጅ ይቆጥራል። የእንጅባራን ሕዝብ እንዲህ አድርጎ ማሸነፍ!» ሴቶቹ ሳቁ። ሳቃቸው የክፋት አይደለም። እንደ ብልህ ቆጥረውኛል... ለአገሬ ብዬ ያሰብኩበት መስሏቸው። አንዷማ ጀርባዬን መታ መታ አደረገች።

ልጄ ቢሰርዘው ሊታማ ነበር። አልሰረዘውም፣ ታማ።

ማሰሮዬን ሳልሞላ ተመለስኩ።

የካቲት 18

ስሜነሽ መጣች።

በጭነት መኪና ነው የመጣችው። ሀብቱ ትምህርት ቤት ነበር። ግቢ አልኳት፣ እደጁ ላይ ቆመች። በአገውኛ ጀመረች፣ ጎረቤት እንዲሰማ ነው መሰለኝ ወደ አማርኛ መለሰችው።

«አባቱን ያቆመው ይኸው አፍ ነው። ልጄንም ያቆመው ይኸው አፍ ነው። በአገሩ ሌላ አፍ ጠፋ?»

ዱካ አወጣሁላት፣ አልተቀመጠችም።

«ሁመራ እሄዳለሁ ይለኛል። የሰሊጥ መሬት ሊመነጥር። ከዚያ ማን ተመልሶ ያውቃል? ወባ ነው፣ ሽፍታ ነው... ከሱ ሌላ ዐይን የለኝም።»

«ስሜነሽ...»

«ስሜን አትጥሪው። ልጅሽን ንገሪው። ያቆመ ሰው ይፍታ።»

ውኃ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች። ከሄደች በኋላ እሷም ስሜን አንዴም እንዳልጠራች ትዝ አለኝ።

የካቲት 19

ሀብቱን ለመንኩት። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ፣ እሱም አለቀሰ።

«እማዬ፣ ተይ። እናት ስትለምን ዳኛ ከፈረደ፣ ነገ ጉልበት ያለው ሁሉ እናቱን ይልካል።»

«ልጁ ሁመራ ሊሄድ ነው!»

«እኔ ልጁን አላየሁም። ኳሱን ነው ያየሁ።»

ይህን ሲል ፊቱ ሌላ ሆነብኝ። ከማን ወረሰው? ከደሴ አይደለም። ወረዳ ላይ ቆሜ «በሬ ሲነዳ አየሁ» ያልኩት እኔ ነኝ።

የካቲት 20

አያ ስማቸው ዘንድ ሄድኩ። ጸሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ስለ ጨዋታው ማለቴ ነው። ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። የተኙም መስሎኝ ነበር።

«ልጅሽን ክሰሺው» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«እናት ሆነሽ ከሄድሽ አማላጅ ነሽ። አማላጅ ደግሞ ዳኛ ያበላሻል፣ ልጁ እውነቱን ነው። ከሳሽ ሆነሽ ከሄድሽ ግን ባለጉዳይ ነሽ። ባለጉዳይን መስማት ግዴታው ነው። በሕግ አምላክ ብለሽ ያስቆምሽ አንቺ ነሽ፤ ያቆመ ሰው ደግሞ ለምን እንዳቆመ ቆሞ መናገር አለበት። ደንቡ እንደዚያ ነው፣ ተረስቶ እንጂ።»

«አያ፣ እኔ እኮ በሰው ፊት መናገር...»

«እሑድ ዕለት ተናግረሽ የለ? አገር ነው የሰማሽ።» ሳቁ፣ ከዚያ ሳል ያዛቸው።

የገዛ ልጄን? በሰው ፊት?

የካቲት 22

ነገርኩት። «እከስሃለሁ» ስለው ማንኪያውን አስቀመጠ። «አትችይም» አላለም። «እንግዲያው ዋስ ጥሪ» አለ ብቻ። አያ ስማቸው ዋስ ሆኑኝ። ሰው ወደ እንጅባራ ተልኳል። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሽማግሌዎቹ ይስሙት ብሏል፤ ለደብረ ማርቆስ ያሸናፊው ስም እንዳይነገር እስከ እሑድ አቆየው።

ሁለታችን በአንድ ቤት ነን። አንነጋገርም። እንጀራውን አቀርባለሁ፣ ይበላል፣ «ይስጥልኝ» ይላል እንደ እንግዳ።

የካቲት 26

ምን ብዬ ልናገር? ሲመሽም ሲነጋም ቃል እለቅማለሁ። ከአፌ፣ ስሜነሽ እንዳለችው፣ ሞት እንጂ ምን ወጥቶ ያውቃል? ብቀርስ? ብታመም? አምላኬ፣ ነገ ሳይመጣ ውሰደኝ ብዬ ለመንኩ። ሰው እንዲህ ብሎ ይለምናል?

የካቲት 28

ትናንት ሆነ።

ሽማግሌዎቹ በሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ከእንጅባራም ከኛም። ልጆቹ ከኋላ ቆሙ፣ አዝመራውም አለ። ስሜነሽ ከሴቶቹ ራቅ ብላ። ሀብቱ ፊት ለፊቴ። ነጠላዬን አጣፍቼ ቆምኩ።

«በሕግ አምላክ ያልኩ እኔ ነኝ» አልኩ። «የወደቀ ልጅ ሊረገጥ ነበር። ቁሙ አልኩ፣ ቆሙ። የቆመው ልጅ ቆሞ ሳለ ተቀማ። ያልቆመው ተሸለመ። ዳኛው ይህን ልክ ነው ብሏል። እንግዲህ እጠይቃለሁ። ነገ በገበያ አንዱ ወንድሙን ሊወጋ ሲል በሕግ አምላክ ብንለው ለምን ይቆማል? የቆመ ምን እንደደረሰበት አይቶ የለ?»

ሰዉ አጉረመረመ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ሀብቱ ሽማግሌዎቹን እጅ ነሥቶ ተናገረ። «ከሳሼ ያሉት እውነት ነው። የኔም ጥያቄ አለኝ። ያን ዕለት የጮኹት ስለ ወደቀ ልጅ ነው። ነገ የሚጮኸው ስለሚሸነፍ ልጁ ቢሆንስ? ኳስ ወደ ቅርጫት ሲሄድ በየአቅጣጫው በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ! ሊባል ነው። የሕጉን ስም ኳስ ማስቆሚያ ካደረግነው ጩቤ ማስቆሚያ አይሆንም። ለዚህ ነው ፊሽካ በአንድ ሰው አፍ ብቻ የተደረገው።»

አንቱ አለኝ። ልጄ።

እሱም ልክ ነው። ቆሜ ሳዳምጠው፣ እግዜር ይየው፣ እሱም ልክ ነው።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ከእንጅባራ የመጡት ትልቁ ሰውዬ «እኛ የዚህን ጨዋታ ሕግ አናውቅም፤ የመቆምን ሕግ ግን እናውቃለን። የቆመ አይቀማም» አሉ። አያ ስማቸው ጨመሩ። «ፍርዱ ግን ያንተው ነው፣ ሀብቱ። አሁን እናትህ አይደለችም፣ ባለጉዳይ ናት። ፍረድ።»

ሀብቱ ቀና ብሎ፦

«ቅርጫቱ ተሰርዟል። ኳሱ ለአዝመራው ይሰጥ፣ የቀረችው ጊዜ አሁን ትጨረስ። በባዳም ይሁን በእናት አፍ፣ ከዳር ሆኖ ጨዋታ ያቆመ ሰው ግን ከሜዳ ይወጣል። ተመልሶም አይገባም። ከሳሼ ይውጡ።»

ወጣሁ። በሰው መሐል አልፌ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ልጁ ደብረ ማርቆስ ሲገባ ታየኝ።

ከአጥሩ ውጭ የሚታይ ነገር የለም። ኳሱ ሲነጥር ሰማሁ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ... ከዚያ ፊሽካ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ እንደገና ሩጫ፣ ጩኸት... የዳንግላ ጩኸት ነበር።

ሀብቱ ሲወጣ መንገዱ ላይ ያዝኩት። «ምንድን ነው የነፋኸው?»

«ተራመደ። ሳያነጥር ተራመደ። ኳሱ ለዳንግላ ሆነ፣ አገቡ።»

«አዝመራው?»

«አዝመራው።»

«አንድ እርምጃ? ያን ሁሉ አድርገን... አንዲቷን ባታያትስ ምን ነበረበት?»

«አይቻታለሁ እኮ» አለ።

አዝመራው ከኋላችን ደርሶ ነበር። ሸሚዙ በላብ ርሷል። «ተራምጃለሁ፣ እትዬ» አለኝ። «ጋሼ አልተሳሳተም። ቸኮልኩ።» ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝና ወደ እናቱ ሄደ።

መጋቢት 5

አዝመራው ዛሬ ጠዋት በዚህ በኩል አለፈ። የጎንደር መንገድ ጭነት መኪና ላይ፣ ከሌሎች ሁመራ ከሚወርዱ ጋር። ሀብቱ ሰምቶ ከክፍል እየሮጠ ሄደና የራሱን ካፖርት ሰጠው። ካፖርት ለሁመራ ቆላ! መኪናው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁበት አሉ። አዝመራው ግን ተቀበለው።

እኔ አልሄድኩም። ምን ብዬ?

መጋቢት 11

ፍርዱ ቀና፣ ልጁ ሄደ። ታዲያ ለማን ቀና? ስሜነሽ ቤት ደርሼ እግሯ ላይ ልውደቅ እላለሁ፣ እቀራለሁ። የጠየቀኝ የለም ብዬ ነው ያን ጊዜም ዝም ያልኩ።

ሀብቱ ትናንት በእራት «እማዬ» አለኝ፣ ጨው አቀብይኝ ለማለት። ጨውን አቀበልኩት። ወዲያ ዞሬ አለቀስኩ።

መጋቢት 18

ዛሬ ከዳንግላ ልጆች ጋር ሌላ ትምህርት ቤት ተጫወተ። ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። የተፈረደብኝ እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ልጠይቅም አልፈልግ።

ስሜነሽ በመንገዱ ስትመጣ አየኋት። ከጎንደር የሚመለሱትን ሾፌሮች ስትጠይቅ ውላ ነው። አየነው ያለ የለም። ትሄዳለች ብዬ ጠበቅሁ። ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ቦታ ለቀቅሁላት። ሰላም አላለችኝም። ግን ተቀመጠች።

ከአጥሩ ወዲያ ሰው ጮኸ። ፊሽካ ተነፋ፣ ረጅም። ሀብቱ «ቁሙ! ልጁን አንሡት!» ሲል ተሰማ። ከዚያ ጸጥ አለ፣ ሩጫም የለ።

«ማን ወደቀ?» አለችኝ።

«ከዚህ አይታይም» አልኳት።

ሾፌሮቹ የነገሯትን ወሬ፣ የወባውን ነገር፣ ሌላም አንድ በአንድ ነገረችኝ። እኔም ስለ በሬው፣ የራሱ መሆኑን እያወቅሁ ዝም ማለቴን ነገርኳት። አልጮኸችም። «አውቃለሁ» አለች። «ሁልጊዜም አውቃለሁ። ካንቺ አፍ ልሰማው ነበር የፈለግሁት።»

ከዚያ ተነሣች። ሌላ መኪና ይመጣል ብላ ወደ መናኸሪያው አቀናች። ነጠላዬን አነሣሁና ተከተልኳት። ብቻዋን ከምትጠይቅ ሁለት ሆነን እንጠይቅ።